ሦስት ሴኮንድ፦ የሙኒክ የቅርጫት ኳስ ፍጻሜና የመዝገብ ታማኝነት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። የስፖርት ግጥሚያም ለትውልድ የሚተላለፈው በአንዲት የውጤት መመዝገቢያ ቅጽ አማካይነት ነው። ተመልካቹ ተበትኖ፣ ጭብጨባው ጠፍቶ፣ ተጫዋቾቹ አርጅተው ካለፉ በኋላ ማን ስንት ነጥብ እንዳስቈጠረና ማን እንዳሸነፈ የሚመሰክረው ይኸው ቅጽ ነው። ሆኖም የተጻፈ ሁሉ እኩል የሚታመን አይደለም። አንድ አኃዝ ሙሉ እምነት የሚጣልበት መለኪያው፣ መለኪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሰውና ውጤቱን የሚያጸድቀው ሥልጣን ሦስቱም በየቦታቸው ሲገኙ ነው። በሙኒክ ኦሎምፒክ የተደረገው የቅርጫት ኳስ የፍጻሜ ግጥሚያ ይህን እውነት በጉልህ ያሳየ ታሪክ ነው።

ግጥሚያው የተጀመረው ጳጉሜን 4 ቀን 1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1972) እኩለ ሌሊት ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው ሲሆን፣ የተፈጸመው በማግሥቱ፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነው። በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ሮጦ የነሐስ ሜዳሊያ ተሸልሟል። ከተማይቱ ግን በኀዘን ላይ ነበረች፤ ከጥቂት ቀናት በፊት 11 የእስራኤል ቡድን አባላት ተገድለውባት ነበርና።

ለፍጻሜ የቀረቡት ዩናይትድ ስቴትስና ሶቪየት ኅብረት ነበሩ። ቅርጫት ኳስ በይፋ ኦሎምፒክ ከገባበት ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካውያን 63 ጊዜ ተጫውተው 63ቱንም አሸንፈው፣ ሰባቱንም የወርቅ ሜዳሊያዎች ወስደው ነበር። በሄንሪ አይባ የሚሠለጥነው ቡድናቸው ከየዩኒቨርሲቲው የተውጣጡ ወጣቶችን የያዘ ሲሆን፣ በቭላዲሚር ኮንድራሺን የሚመራው የሶቪየት ቡድን በአንጻሩ በዓለም አቀፍ ውድድር የተፈተኑ ተጫዋቾች ነበሩት።

በመዝገቡ መሠረት የግጥሚያው መልክ የሚከተለው ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ በሶቪየት ኅብረት መሪነት 26 ለ21 ተፈጸመ። በሁለተኛው አጋማሽ አሜሪካውያን 29፣ ሶቪየቶች 25 ነጥብ አስቈጠሩ፤ ድምሩም 51 ለ50 ሆነ። ከ51ዱ ነጥቦች 20ውን ሰርጌይ ቤሎቭ ብቻውን በማስቈጠር ከቡድኑ ውጤት ሁለት አምስተኛ የሚጠጋውን ሸፈነ። አሌክሳንደር ቤሎቭ በበኩሉ 8 ነጥብ አስመዘገበ። ሁለቱ ቡድኖች በ40 ደቂቃ፣ ማለትም በ2,400 ሴኮንድ፣ በጠቅላላው 101 ነጥብ ስላገኙ፣ በአማካይ በየ24 ሴኮንዱ ገደማ አንድ ነጥብ ተቈጥሯል። በዚህ ስሌት የሦስት ሴኮንድ ዋጋ የአንድ ነጥብ ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው። የኦሎምፒኩን ወርቅ ባለቤት የወሰኑት ግን ሦስት ሴኮንዶች ናቸው።

ሶቪየቶች 49 ለ48 ሲመሩ አሌክሳንደር ቤሎቭ ያቀበለውን ኳስ ዳግ ኮሊንስ ነጠቀው። ወደ ቅርጫቱ ሲገሠግሥም በተፈጸመበት ጥፋት በኃይል ወደቀ። በሰዓቱ ላይ የቀረው ሦስት ሴኮንድ ነበር። ኮሊንስ የመጀመሪያውን የቅጣት ውርወራ አግብቶ ውጤቱን አቻ አደረገ። ሁለተኛውን ሊወረውር ሲል ከመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ጡሩንባ ተነፋ፤ እርሱ ግን አልተደናገጠም፤ አስገባው፤ አሜሪካም 50 ለ49 መራች።

የክርክሩ መነሻ ይህ ጡሩንባ ነው። በጊዜው ደንብ አሠልጣኝ የዕረፍት ጊዜ የሚጠይቀው ቁልፍ በመጫን ሲሆን፣ ቁልፉም በመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ ቀይ አምፑል ያበራ ነበር። የሶቪየት አሠልጣኞች ዕረፍቱን ከውርወራው በፊት ጠይቀናል አሉ። ጥያቄው ግን በወቅቱ ወደ ዳኞቹ አልደረሰም፤ ከሁለተኛው ውርወራ በኋላ ደግሞ ደንቡ አይፈቅድም። ጨዋታው ቀጥሎ አንድ ሴኮንድ ሲቀር በጠረጴዛው ዙሪያ በተነሣው ግርግር ምክንያት ዳኛው አቆመው። የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ ዊሊያም ጆንስ ከመቀመጫው ወርዶ ሦስት ጣቶቹን በማሳየት ሰዓቱ ወደ ሦስት ሴኮንድ እንዲመለስ አዘዘ። በደንቡ መሠረት ግን በመካሄድ ላይ ባለ ጨዋታ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን አልነበረውም።

ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። ሰዓቱ ገና በመስተካከል ላይ ሳለና የውጤት ሰሌዳው 50 ሴኮንድ ሲያሳይ ኳሱ ለጨዋታ ተሰጠ። ወዲያው ጡሩንባው ተነፋ፤ አሜሪካውያንም አሸነፍን ብለው ይተቃቀፉ ጀመር። ሰዓቱ በትክክል አልተሞላም ተብሎ ሦስቱ ሴኮንዶች እንደገና ተሰጡ። በዚህን ጊዜ ኢቫን ኤዴሽኮ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ የወረወረውን ኳስ አሌክሳንደር ቤሎቭ በሁለት ተከላካዮች መካከል ዘሎ ያዘና ወደ ቅርጫቱ ጨመረው። 51 ለ50።

አሜሪካውያን ይግባኝ አሉ። ከሃንጋሪ፣ ከፖላንድ፣ ከኩባ፣ ከጣልያንና ከፖርቶሪኮ የተውጣጣው ባለአምስት አባላት ጉባኤ አቤቱታውን ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ውድቅ አደረገው። ሦስቱ አባላት ከሶሻሊስት አገሮች ስለነበሩ ውሳኔው በቀዝቃዛው ጦርነት ዓይን ታየ። የአሜሪካ ተጫዋቾች የብር ሜዳሊያውን አንቀበልም አሉ፤ የቡድኑ አለቃ ኬኒ ዴቪስም ወራሾቹ እንኳ እንዳይቀበሉት በኑዛዜው አስፍሯል። በሌላ በኩል የሶቪየት ተጫዋቾች በአብዛኛው ጊዜ ሲመሩ የቈዩ መሆናቸውና የመጨረሻዋ ግብ ድንቅ እንደ ነበረች ሊካድ አይገባም። የአሌክሳንደር ቤሎቭ ዕድሜ ግን አጭር ሆኖ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በ26 ዓመቱ አረፈ።

ለባለሙያ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የፊርማው ጉዳይ ነው። ከሁለቱ ዳኞች አንዱ የነበረው ብራዚላዊው ሬናቶ ሪጌቶ በቅጹ ላይ ለመፈረም እንቢ አለ። ስለዚህ 51 ለ50 የሚለው አኃዝ በታሪክ ጸንቶ ሲኖር፣ ከሥሩ ሊኖር የሚገባው የአንድ ዳኛ ምስክርነት ጐድሏል። ቅጹ የጨዋታው ርዝመት 40 ደቂቃ ነው ይላል፤ የመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ደጋግመው እንደ ተጫወቱ ግን ከድምሩ ሊነበብ አይችልም። በሙኒክ የጐደለው የድምር ትክክለኛነት አይደለም። ከቁልፉ እስከ አምፑሉ፣ ከአምፑሉ እስከ ጡሩንባው፣ ከጡሩንባው እስከ ዳኛው ያለው ሰንሰለት በጥድፊያ መካከል ተበጠሰ፤ የተበጠሰውንም ሥልጣን የሌለው እጅ ሊቀጥለው ሞከረ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተስተካክሏል። የመጨረሻው ደቂቃ በሴኮንድ ዐሥረኛ ይታያል። ከዳኛው ወገብ ላይ የታሰረ መሣሪያ የፊሽካውን ድምፅ ሰምቶ ሰዓቱን ስለሚያቆም፣ የሰው እጅ ይዘገይበት የነበረው ጊዜ ተቀንሷል። በሰዓቱ ላይ ከ0.3 ሴኮንድ ያነሰ ሲቀር ተጫዋች ኳሱን ይዞ መወርወር እንደማይችል በደንቡ ተወስኗል፤ አጠራጣሪው ቅጽበትም በፊልም ተመልሶ ይታያል። ይሁን እንጂ የተሻለ መሣሪያ የሙኒክን ችግር በሙሉ አይፈታም፤ መሣሪያው ሲሳሳት ማን ያርመዋል የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ በደንብ መልስ ማግኘት አለበትና። ድልድይ የሚፈትሽም ሆነ የግድብ ውኃ የሚለካ ባለሙያ በየዕለቱ ቅጽ ይሞላል፤ በቅጹም ላይ ይፈርማል። የሪጌቶ ባዶ ቦታ የሚያስታውሰው ፊርማ የወረቀት ማሳመሪያ አለመሆኑን ነው። ፊርማ «ይህ አኃዝ እንዴት እንደ ተገኘ ዐውቃለሁ» የሚል ቃል ነውና፣ ያንን ለማለት የማይችል ሰው ሳይፈርም መቅረቱ ራሱ ለመዝገቡ የተደረገ አገልግሎት ነው።