የላም መዝገብ፦ ከቃል ወደ ኮምፒዩተር

በጎንደር ገጠር ያደግን ሁሉ እንደምናስታውሰው አባቶቻችን የከብቶቻቸውን መዝገብ የያዙት በቃላቸው ነበር። ቦራ መቼ እንደወለደች፣ ዳለቻ የየትኛዋ ላም ልጅ እንደሆነች፣ የማንኛዋ ወተት እንደቀነሰ ሳይጽፉ ያውቁ ነበር።

በእስራኤል አገር የላም በረት ሠራተኞች ይህንኑ በደብተር ይጽፉ ነበር። መንጋው ሲበዛ ግን ደብተሩ አልበቃ አለ። ከኪኔሬት ሐይቅ በስተደቡብ የሚገኘው የአፊቂም ኪቡጽ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ለዚህ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። እያንዳንዷ ላም ስትታለብ ወተቷን የሚለካ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሠሩ፤ ቆየት ብሎም በእግሯ ላይ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ ጨመሩ። የተለካው ሁሉ በላሟ ቁጥር ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። እርምጃዋ በድንገት ሲበዛ ኮርማ መፈለጓን ያመለክታል፤ ወተቷ ከልማዷ ሲያንስ ደግሞ ሳትታመም አልቀረችም ተብሎ ትታያለች።

እንግዲህ ልብ እንበል። ኮምፒዩተሩ የሚጠይቀው አባቶቻችን በየማለዳው ሲጠይቁ የኖሩትን ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በቃል የተያዘ መዝገብ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፣ የተጻፈው ግን ለተከታዩ ይተርፋል።

ወደዚህ አገር ከመጡት ሽማግሌዎቻችን ብዙዎቹን ስለ ከብት ምን ታውቃላችሁ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። እኛም ራሳችን አልጠየቅናቸውም። ስለዚህ ልጆቻችን ሆይ፣ ጊዜው ሳያልፍ ደብተር ይዛችሁ ከአያቶቻችሁ አጠገብ ተቀመጡ። የላሞቻቸውን ስም ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉ።