የመተማ እንግዳ፤ ከአፈርሳታ እስከ ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ

መተማ ላይ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲንከባለል የመጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ ዘመድ የሌለውን ሰው ማን ይጠብቀዋል?

ጥያቄው ሌላም አገር ይነሳል። መተማ ላይ የሚከብደው ከተማዋ ራሷ በእንግዳ የቆመች ስለሆነች ነው። ከጎንደር ወደ ስናር የሚወርደው ነጋዴ የሚያርፍባት፣ ከሱዳን የሚመጣው የሚገበይባት ስፍራ ነበረች። ገበያውን ይዘው የኖሩትም ተክሩሮች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ተነስተው፣ በመንገድ ላይ ቀርተው አገር የሆኑ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በዚያ ያለፉት እንግሊዛውያን፣ አዳኙ ሳሙኤል ቤከርና ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ፣ የተክሩሮቹ ሸኽ ለሁለት ጌታ ይገብር እንደነበር ጽፈዋል፤ ለግብጽም፣ ለዐፄ ቴዎድሮስም። ሁለት ጊዜ መገበር ሞኝነት ይመስላል። ሸኹ ግን የሚገዛው የገበያውን ሰላም ነበር። ነጋዴ ከተዘረፈ ገበያ የለም፤ ገበያ ከሌለ ደግሞ የሚገበር ነገር የለም።

ደጋው ላይ ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው ነጋድራስ ነበር። ነጋድራስ ቀረጥ ሰብሳቢ ብቻ አልነበረም። የነጋዴዎች አለቃም ዳኛም ነበር። አገር የሌለው መንገደኛ «አቤት» የሚልበት በር ነበረው ማለት ነው። ይህ እንደ ወርቃማ ዘመን ሲተረክ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በዚያው በተጠበቀ ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር። ቤከር ጋላባት ላይ ለሽያጭ የቀረቡ ልጃገረዶችን አይቷል። ጥበቃው ለሻጩ ነበር።

በመንገዱ ላይ ደግሞ ጠባቂና ቀማኛ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነበር፤ የሚለየው ዘመኑ ነው። ቋራ ቆላ ሸፍቶ የከረመው ካሣ ኃይሉ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ሆኖ ቀማኛን ወደ እርሻህ ተመለስ ያለ ንጉሥ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ እንዳሳየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሽፍትነት በአብዛኛው የመኳንንት ልጅ ወደ ሹመት የሚወጣበት መሰላል ነበር። ሽፍታውን ምሮ መንገድ አስጠባቂ ማድረግ የኋላ መንግሥታትም ያልተዉት ዘዴ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆሰሉ፤ በዚያው ጉዳት አረፉ። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት ውል ድንበር ተሰመረ፤ ጋላባት ወዲያ፣ መተማ ወዲህ ቀሩ። ከዚያ በኋላ እንግዳ ማለት ድንበር የተሻገረም ሰው ሆነ።

ባላገሩ ወንጀል የሚያወጣበት መንገድ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነበር። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ፣ ሰው ሲገደል አገሬው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። አጥፊው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መመለስ የለም። የቀረ ይቀጣል። ቀን ይሆናል፣ ሁለት ቀን ይሆናል፣ እርሻ ይታጎላል፤ ሰው በረሃብና በመሰልቸት የሚያውቀውን ይናገራል። አጥፊው ካልተገኘስ? አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል።

ይህ መጨረሻው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስለ አፈርሳታ ሲወራ ጭካኔው ይነሳል፤ ልክም ነው፤ ንጹሑ ከበደለኛው እኩል ይከፍላል፣ ሹሙ መቀጫውን ወደ ኪሱ ያገባል፣ ዋስ የሌለው ድሃ ላይ ጣት ይቀሰራል። ግን በመሬትህ ላይ ሰው ከተዘረፈ ዕዳው ያንተም ነው የሚል ሐሳብ በውስጡ ነበረ። የእንግዳው ጉዳት ለባለአገሩ ዋጋ ነበረው።

ዘመናዊው ፖሊስ ይህን ሐሳብ አልወረሰም። ከጣሊያን መባረር በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 በእንግሊዝ አማካሪዎች እገዛ መለዮ የለበሰ ኃይል አቋቋመ። ኃይሉ ግን የከተማና የአውራ ጎዳና ነበር። ገጠሩ ለነጭ ለባሹ ቀረ፤ ስሙ እንደሚለው መለዮ የሌለው፣ ጋቢውን ለብሶ ጠመንጃ ያነገተ፣ ከመንግሥት ይልቅ ለአካባቢው ሹም የቀረበ ሰው። በ1969 ዓ.ም. ኢዲዩ መተማንና ሁመራን ያዘ፣ በዚያው ዓመት ደርግ አስለቀቀው፤ የጠመንጃ ባለቤት ተቀያየረ፣ ስሙም አብዮት ጠባቂ፣ ኋላም ሚሊሻ ሆነ። ሥራው ያው ነው፤ የራስን ቀበሌ መጠበቅ።

እዚህ ላይ ወደ አሜሪካ መሻገር ያስፈልጋል፤ ዛሬ በየቀበሌው የሚነገረው «ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ» ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የመጣ ሐሳብ ነውና። በ1970ዎቹ የኒው ጀርሲ ግዛት ፖሊሶችን ከመኪና አውርዶ በእግር እንዲዞሩ አደረገ። ኒዋርክ ከተማ ላይ የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1981 ሲወጣ ውጤቱ ግራ አጋባ፤ ወንጀል አልቀነሰም፣ ነዋሪው ግን ደህንነት ተሰማው። በዓመቱ ጄምስ ዊልሰንና ጆርጅ ኬሊንግ ይህን ይዘው «የተሰበሩ መስኮቶች» የተባለውን ዝነኛ ጽሑፍ አሳተሙ። በጽሑፉ ውስጥ ኬሊ ብለው የጠሩት የኒዋርክ ፖሊስ አለ። ኬሊ የሰፈሩን ሰው በሁለት ይከፍላል፤ ነባሮችና እንግዶች። ነባሩ ሰካራም እንኳ ደረጃ ላይ መቀመጥ ይችላል፣ መተኛት ግን አይችልም። ዝም ብሎ የቆመ እንግዳ ግን መተዳደሪያውን ይጠየቃል፤ መልሱ ካላረካ ይሸኛል።

ጸሐፊዎቹ ይህን ያቀረቡት እንደ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፍሬው ኒውዮርክ ላይ ታየ። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2012 አጋማሽ ፖሊስ ከ4 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ሰው በመንገድ ላይ አስቁሟል፤ ከ10 ሩ ከ8 በላይ ጥቁር ወይም ላቲኖ ነበሩ። በ2013 አንዲት የፌዴራል ዳኛ አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፈረዱ። በገዛ ከተማው እንግዳ የተደረገ ሰው ምን ያህል እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል።

አማራ ክልል ላይ ሐሳቡ ሥር ሲሰድ ለየቀበሌው ፖሊስ ተመደበ፣ አማካሪ ምክር ቤትና የግጭት ፈቺ ኮሚቴ ተቋቋመ። የለንደኑ የባሕር ማዶ ልማት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የሊሳ ደኒና የደመላሽ ካሣዬ ጥናት ስለዚሁ አሠራር ነው። ደጋ ላይ፣ ሰው ከአያቱ ጀምሮ በሚተዋወቅበት ቀበሌ፣ ነገሩ ያስኬዳል። መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ ግን በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሳሉግ የሚወርድባቸው ቆላዎች ናቸው። ሳሉጉ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ መጥቶ ሰሊጥ ያርማል፣ ያጭዳል፣ ዛፍ ሥር ያድራል፣ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ይመለሳል። የቀበሌ ስብሰባ አይጠራም፤ አማካሪ ምክር ቤት ውስጥ ወንበር የለውም። «ጸጥታው እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጠው ነባሩ ነው፤ ልክ እንደ ኒዋርክ።

ሰው የተዘረፈበት አገር ያዋጣ የነበረው ቀርቶ፣ በጎንደር–መተማ መንገድ እገታ ሲበረታ ለአጋቹ የሚያዋጣው የታጋቹ ዘመድ ሆነ። ዘመዱ ደግሞ ሩቅ ነው፤ በሬውን ሸጦ ይልካል። መንገዱ ያለፈበት ቀበሌ ምንም አይጎድልበትም። የፌዴራል ፖሊስ፣ የክልል ፖሊስ፣ መከላከያና ሚሊሻ ባሉበት ቆላ «ይህ ኪሎ ሜትር የማነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ተጠያቂ ማግኘት ከባድ ነው።

2015 ዓ.ም. ሁሉንም በአንድ ላይ አመጣው። ሚያዝያ ላይ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተደረገ። በዚያው ወር ሱዳን ውስጥ ጦርነት ፈነዳ፤ ሰው በመተማ በኩል ጎረፈ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ስደተኞቹ ኩመርና አውላላ በተባሉ ጣቢያዎች ሰፈሩ። ዝርፊያና እገታ እዚያም ተከተላቸው። ጠመንጃ፣ ዘመድም ሆነ ዋስ አልነበራቸውም።

ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. 1 ሺህ ያህል የአውላላ ስደተኞች ጥበቃ የለንም ብለው ጣቢያውን ለቀው በእግራቸው ጉዞ ጀመሩ። ብዙም ሳይርቁ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቆማቸው። ከአውራ ጎዳናው ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ።