የኮሶ ትል

የኮሶ ትል፣ በሊቃውንት ስያሜ ቴኒያ ሳጂናታ፣ ከላምና ከበሬ ሥጋ ወደ ሰው ተላልፎ በትንሹ አንጀት የሚኖር፣ አካሉ ከ1000 እስከ 2000 በሚደርሱ አንጓዎች የተቀጣጠለና አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሜትር የሚረዝም ጥገኛ ትል ነው። ዕንቁላሉ ከሰው ዐይነ ምድር ጋር በመስክ ሲበተን ከብቱ ከሣር ጋር ይውጠዋል፤ ከዚያም በጡንቻው ውስጥ ውሃ የቋጠረ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል፤ ሰውም ሥጋውን ቁርጥ ወይም በወጉ ያልበሰለ አድርጎ ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ያድጋል። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ፣ ጾም ተፈትቶ በትንሣኤ በዓል በሬ ለቅርጫ ሲታረድ ጥሬ ሥጋ መብላት የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ መተላለፊያው መንገድ ክፍት ነው፤ በአገሩ በብዛት የሚረቡት ፍየልና በግ ግን ይህን ትል አያስተላልፉም።

አበው መድኃኒቱን በደጋ ከሚበቅለው የኮሶ ዛፍ አግኝተዋል፤ የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆ ተወቅጦ፣ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ፣ በባዶ ሆድ በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጣ ነበር። በ1769 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ዛፉን በጉዞ መጽሐፉ ገልጾታል። የኮሶው መጠን ሲበዛ ዐይንን እስከ ማሳወር ይጎዳልና፣ ዛሬ በምትኩ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ የተባሉ መድኃኒቶች ተተክተዋል። ሥጋን እስከ ውስጡ በሚገባ ማብሰል ከረጢቱን ይገድላል፤ በቄራ የሚደረገው ምርመራ ግን ጥቂት ከረጢት ያለበትን ሥጋ ሊያልፈው ይችላል፣ በየቤቱ የሚታረደውም ከነጭራሹ አይመረመርም።