የሕፃን ድንገተኛ ሞትና የእንግሊዝ ሹማምንት

በእንግሊዝና በዌልስ ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ሲደርስ የሚያጣራው ኮሮነር የሚባለው ሹም ነው። ሹመቱ እ.ኤ.አ. በ1194 ሲቋቋም ዋና ሥራው የንጉሡን ገቢ ማስጠበቅ እንጂ ሐዘንተኛን መርዳት አልነበረም። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን፣ ሕፃን አልጋ ላይ ሞቶ ሲገኝ እናቲቱ በእንቅልፍ ልቧ ተጭናው ነው ይባል ነበር። የ1908ቱ የሕፃናት ሕግም ሰክሮ አብሮት የተኛን ሰው በሕፃኑ መታፈን ተጠያቂ አደረገ።

በ1969 በሲያትል የተሰበሰቡ ሐኪሞች፣ ተመርምሮ ምክንያቱ ላልተገኘ የሕፃን ድንገተኛ ሞት የጋራ ትርጓሜ አወጡለት። ብሪታንያም በ1971 «የሕፃን ድንገተኛ ሞት» ተብሎ በሞት መዝገብ እንዲሰፍር ፈቀደች። ወላጆች ማንንም የማይወነጅል ወረቀት መቀበል የቻሉት ያኔ ነው።

ጥርጣሬው ግን አልጠፋም። የሕግ ባለሙያዋ ሳሊ ክላርክ ሁለት ጨቅላ ወንዶች ልጆቿ ሞተውባት፣ በ1999 ገድለሻቸዋል ተብላ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። የሕፃናት ሐኪሙ ሮይ ሜዶ በአንድ ቤት ሁለቴ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ሞት የመድረሱ ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ብለው መሰከሩ። ይህ የተገኘው የአንዱን ሞት ዕድል፣ ከ8,543 አንድ የሚለውን፣ በራሱ በማባዛት ነው፤ ወንድማማቾች ግን ዘርም ቤትም ስለሚጋሩ ስሌቱ ከመሠረቱ ስሕተት ነበር። የብሪታንያ የስታቲስቲክስ ማኅበርም በ2001 ይህንኑ በይፋ ተናገረ። ቆይቶም በሁለተኛው ልጅ ሰውነት ባክቴሪያ መገኘቱን የሚያሳየው የላቦራቶሪ ውጤት ለጠበቆቿ ሳይሰጥ መቅረቱ ታወቀ። በ2003 ተፈታች፤ በ2007 አረፈች። ልጆቿን በወጉ ሳታለቅስ መታሰሯ የማይካስ በደል ነው።

በ2004 በባሮነስ ሄሌና ኬኔዲ የተመራው ቡድን ያቀረበው ሪፖርት ሕፃን ድንገት ሲሞት የሚደረገውን አሠራር ቀየረ። ሕፃኑ በቀጥታ ወደ አስከሬን ክፍል ሳይሆን ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይወሰዳል። ወላጆች ነርስ ባለችበት ልጃቸውን ማቀፍ ይችላሉ፤ ከፈለጉም የእጁ አሻራና ጥቂት ፀጉሩ ለመታሰቢያ ይሰጣቸዋል። ቀጥሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ፖሊስና የጤና ባለሙያ አብረው ወደ ቤት ሄደው ሕፃኑ የተኛበትን ቦታና አልባሳቱን ያያሉ፤ ወላጆችንም ስለ መጨረሻዎቹ ሰዓታት ይጠይቃሉ።

ኮሮነሩ የሚያዘው የአስከሬን ምርመራ የወላጅ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ብዙዎችን የሚጎዳው ይህ ነው። ስለዚህ ምርመራው የት፣ መቼና ለምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል። ችሎት ከተሰየመም ምስክሮችን የመጠየቅ መብት አላቸው። ከ2008 ጀምሮ በእንግሊዝ የእያንዳንዱን ልጅ ሞት የአካባቢው ቡድን የመገምገም ግዴታ አለበት። በ2018 በእንግሊዝ የወጣው መመሪያ ደግሞ ከመርዶው አንስቶ ግምገማው እስኪያልቅ ቤተሰቡ ጥያቄውን የሚያቀርብለት አንድ ሠራተኛ እንዲመደብ ያዛል።