እሳት የማይጠይቅ ስንቅ፦ በመተማና በገላባት መንገድ

መተማ ዮሐንስንና ገላባትን የሚለየው በበጋ የሚደርቅ ጠባብ ወራጅ ነው። ይህን ወራጅ ስለ ተሻገሩ ነጋዴዎች፣ ሠራዊቶችና ስደተኞች ብዙ ተጽፏል። በአቁማዳቸው ውስጥ ምን እንደ ነበረ ግን የታሪክ ጸሐፊዎች የጠየቁት ከስንት አንዴ ነው። ጥያቄው ተራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከጎንደር ደጋ ወርዶ ገዳሪፍ ለመድረስ የተነሣ እግረኛ፣ መንገዱን ከመምረጡ በፊት መወሰን የነበረበት ይህንኑ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ መተማ ከ700 ሜትር ገደማ አታልፍም። በዚህ ቁልቁለት ላይ አየሩ ይለወጣል፣ ወባው ይመጣል፣ ውኃው ይርቃል፤ ከቤት የወጣ እንጀራም በሁለትና በሦስት ቀን ይሻግታል።

ስለዚህ መንገደኛው የሚይዘው ደረቅ ነገር ነው። የደጋው ጓዳ ለዚህ የሚሆን ስንቅ አላነሰውም፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣና ዳቦ ቆሎ ይገኙበታል። ሆኖም ሁሉም ለሁሉም መንገድ እኩል አይሆንም። በሶ ከገብስ ተቆልቶ የተፈጨ በመሆኑ አይበላሽም፤ ለመበጥበጥም ሆነ ለመጨበጥ ግን ውኃ ይፈልጋል። ድርቆሽ ያለ ወጥ ወይም ያለ ውኃ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ጭኮ ጉልበት ይሰጣል፤ ቅቤው ግን በመተማ ሐሩር ቀልጦ ስልቻውን ያርሰዋል። ዳቦ ቆሎ ከነዚህ ሁሉ የሚለየው እሳትም፣ ዕቃም፣ ማባያም ባለመጠየቁ ነው። እየተራመዱ ከኪስ እየዘገኑ ይበሉታል። በስውር ለሚጓዝ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እሳት ከሌለ ጭስ የለም፣ ጭስ ከሌለም የሌሊቱን ማደሪያ የሚጠቁም ምልክት የለም።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። የስንዴ ዱቄት ከጨው፣ ከበርበሬና ከጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ጋር ይታሻል፤ በትንሽ ውኃ ጠንከር ተደርጎ ይለወሳል። እርሾ አይገባበትም፤ ከገባበትም በጥቂቱ ነው። ሊጡ በመዳፍ እየተንከባለለ እንደ ቀጭን ገመድ ይረዝማል፤ ከዚያ በቢላዋ ወይም በመቀስ የሽምብራ ፍሬ እያከለ ይቆረጣል። የተቆረጠው በምጣድ ላይ በለዘብተኛ እሳት እየታመሰ ውስጡ እስኪደርቅ ይቆላል። እሳቱ ከበረታ ላዩ ያርርና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ እርጥበት የቀረበት ደግሞ በሳምንቱ ይሻግታል። ስሙም ሥራውን ይናገራል፤ ዳቦ ነው፣ ግን እንደ ቆሎ ተቆልቷል። ለአንድ ሰው የሁለት ሳምንት ስንቅ ለማዘጋጀት ብዙ ሺህ ፍሬ መቁረጥ ያስፈልጋል። ይህ የሴቶች ሥራ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም ብዙ ሴቶች ተሰብስበው የሚሠሩት ነው። የዘማቹና የነጋዴው ስም በመጽሐፍ ሲቀር የእነዚህ እጆች ስም አልቀረም።

ሕንዶችም ለመንገድ የሚሠሩት የዚህ ዘመድ የሚመስል ነገር አላቸው። በሰሜንና በምዕራብ ሕንድ ናማክፓራ የሚባለው ከስንዴ ዱቄት፣ ከጨውና ከቅባት ተለውሶ በትናንሹ የሚቆረጥ ነው፤ ማትሪ የሚባለው ደግሞ ክብና ጠፍጣፋ ሆኖ ለሳምንታት ይቀመጣል። ሁለቱም በባህላዊው አሠራር በዘይት ይጠበሳሉ፤ በዛሬው ጊዜ በምድጃ የሚጋግሯቸውም አሉ። ከሁሉ የሚገርመው ቅመሙ ነው። ማትሪን ማትሪ የሚያሰኘው አጅዋይን የሚባለው ፍሬ የእኛው ነጭ አዝሙድ ነው፤ ጥቁር አዝሙድ የሚጨምሩበትም አሉ። የጉጅራት ነጋዴዎች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በሱአኪን በኩል ወደ ሱዳን ገብተው፣ ኋላም ወደ ከሰላ፣ ወደ ገዳሪፍና ወደ ኦምዱርማን ተስፋፍተዋል። ከዚህ ተነሥቶ ዳቦ ቆሎ ከሕንድ መጣ፣ ወይም ወደ ሕንድ ሄደ ማለት ግን ችኮላ ይሆናል። ዱቄትና ጨው ያለው፣ ሩቅ አገር የሚሄድ ሕዝብ ሁሉ በገዛ ጓዳው ሊደርስበት የሚችል መፍትሔ ነው።

ከወራጁ ማዶ ያለው መፍትሔ የተለየ ነው። የሱዳን ሴቶች አብሬ የሚባለውን ከማሽላ ሊጥ ያዘጋጃሉ። ሊጡ ይቦካል፣ በጋለ ምጣድ ላይ እንደ ወረቀት ሳስቶ ይጋገራል፣ ይደርቃል። ቅመም የበዛበትና ቀይ የሆነው ዓይነት ሑሉ ሙር፣ ማለትም ጣፋጭ መራራ ይባላል፤ ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው በረመዳን መጠጥነቱ ነው። መንገደኛው ጥቂት ቅጠል በውኃ ይነክርና ጥምንም ረኃብንም ባንድ ጊዜ የሚያስታግስ ኮምጣጣ ነገር ይጠጣል። በግመል ከጉድጓድ ጉድጓድ ለሚሄድ ሰው አብሬን የሚያህል የለም። በእግሩ ቁልቁል ለሚወርደው የደጋ ሰው ግን ውኃው ራሱ የሚፈለግ እንጂ የሚባክን አልነበረም። እያንዳንዱ ስንቅ የተሠራበትን መንገድ ይመስላል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1771) ከጎንደር ተነሥቶ በዚሁ ቆላ፣ ያኔ ራስ አል ፊል በሚባለው ግዛት በኩል ወደ ስናር ወርዷል። ስለ መንገድ ምግብ የተወው ታዋቂ ማስታወሻ ግን የሌላ አካባቢ ነው፤ የኦሮሞ ተዋጊዎች ቡና ቆልተውና ወቅጠው በቅቤ ለውሰው፣ በድቡልቡሉ በቆዳ ከረጢት ይይዙ እንደ ነበር ይናገራል። ከ90 ዓመት በኋላ፣ በ1854 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1862) ገላባት የደረሰው እንግሊዛዊ ሳሙኤል ቤከር ያገኘው ትልቅ ገበያ ነበር። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ቆዳና በቅሎ ይወርዳል፤ ከቆላው ጥጥ ይወጣል። የገበያው ባለቤቶች ወደ መካ ለመሳለም ወጥተው በዚያው የቀሩ ከምዕራብ የመጡ ተክሩሮች ነበሩ። ቤከር በዚሁ ገበያ ለሽያጭ የቀረቡ ልጃገረዶችን አይቷል። በዚህ መንገድ ከወረዱት መካከል ስንቃቸውን ራሳቸው ያላሰናዱ፣ ማንም ያልሰነቀላቸውም ነበሩ። የሚበሉት ነጂያቸው የሰጣቸውን ብቻ ነበር። ስለ ስንቅ የሚጻፍ ታሪክ እነዚህን ከረሳ ጎደሎ ነው።

ሠራዊት ሲዘምት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በቀድሞው ሥርዓት ለወታደሩ ቀለብ የሚያቀርብ መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ክተት ሲታወጅ እያንዳንዱ ቤት ስንቅና ትጥቅ ያሰናዳል፣ የተሰነቀው ሲያልቅ የሚተላለፉበት አገር ይቀልባል። በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶቹ አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ጎንደርን ከዘረፈና ካቃጠለ በኋላ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. ወደ መተማ ዘመቱ። ያ ጊዜ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን እየፈጀ፣ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ እየጀመረ የነበረበት ነው። ብዙ ቤቶች ለዘማቹ የሰነቁት ለራሳቸው ካልተረፈው ጎተራ ነበር። መጋቢት 1 ቀን በእሾህ አጥር የታጠረውን የዛኪ ጠማልን ምሽግ ጥሰው ሲገቡ ንጉሡ ቆሰሉ፣ በማግሥቱም ዐረፉ፤ ድል የቀረበው ሠራዊት ተበተነ። የተበተነ ሠራዊት ስንቅ የለውም። የመመለሻው መንገድ የተዘረፈና የተራበ አገር ነበር።

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1940) በገላባት ምሽግ ላይ ሌላ ጦርነት ተከፈተ። ኢጣሊያኖች የያዙትን ምሽግ ያጠቃው በኋላ በበርማ ስመ ጥር የሆነው ዊሊያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ ነበር። ምሽጉን የያዙት የጋሕርዋል ተራሮች ልጆች ናቸው። ታንኮቹ ስለ ተሰበሩና የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ስለ በረቱባቸው መልሰው ለቀቁት፤ ኢጣሊያኖች መተማን ጥለው የወጡት በጥር ወር ነው። ለሕንዶቹ ወታደሮች ዱቄቱ፣ ምስሩና ቅቤው በመንግሥት የሚታደል ነበር። በአገራቸው ግን የወታደርና የመንገደኛ የቆየ ስንቅ የተቆላ ሽምብራ ነው፤ ከጎንደር የወረደ አርበኛ ቢያገኘው ስሙን ሳይጠይቅ ይቆረጥመው ነበር። ሦስትና አራት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945፣ እንግሊዞች በገዳሪፍ አጠገብ በገደምበሊያ በትራክተር ማሽላ ማምረት ጀመሩ፤ ዓላማው በምሥራቅ አፍሪካ ያለውን ሠራዊት መቀለብ ነበር። በየዓመቱ ከደጋ ወርዶ በመተማና በሑመራ ሰሊጥ የሚያርመውና የሚያጭደው ሳሉግ ግን በሶውንና ቆሎውን በከረጢት ማዘሉን አልተወም።

የዳቦ ቆሎ ነገር እጅግ የከበደበት ዘመን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከቀይ ሽብር፣ ከጦርነትና ከድርቅ የሸሹ ብዙ ሺህ ሰዎች በዚህ ቆላ ወደ ገዳሪፍ ተሻገሩ። ከነዚህ መካከል ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች በሌሊት የወጡ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ለእነሱ ስንቅ ማሰናዳት ራሱ አደጋ ነበር። አንድ ቤት ከልኩ በላይ ሲቆላና ሲፈጭ የታየ እንደ ሆነ፣ ሊሄዱ ነው ማለት ነው፤ ጎረቤት ያውቃል፣ ቀበሌ ይሰማል። ሌላም ጉዳይ ነበረባቸው። በሕጋቸው መሠረት የባዕድ እጅ የነካውን ምግብ አይቀምሱም፤ በሰንበትም እሳት አያነዱም። ዓርብ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ቆመው ሰንበትን በጫካ ለሚያሳልፉ ሰዎች፣ ከቤት ተቆልቶ የመጣ ደረቅ ምግብ ሕግን ሳያፈርሱ በሕይወት መቆያ ነበር።

ብዙዎች የሳምንታት ስንቅ ይዘው ወጡ። መንገዱ በመሪ ክሕደት፣ በሽፍታና በበሽታ ከታሰበው በላይ ረዘመ። ያለው ለሕፃናቱ ይቆጠር ጀመር። ደርሰው ኡም ራኩባ ካምፕ የገቡትን የጠበቃቸው ደግሞ መጨናነቅ፣ የተበከለ ውኃና ተላላፊ በሽታ ነው፤ በዚያም የእርዳታ እህል መቀበልና ማንነትን መሰወር ግድ ሆነ፤ ለብዙ ሽማግሌዎች የባዕድ ቀለብ መብላት ከረኃቡ ያልተናነሰ ሐዘን ነበር። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 ያህል ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በካምፕ ያለቁት 4,000 ያህል ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል። ለእነሱ መታሰቢያ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል።

ኡም ራኩባ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ለተሰደዱት ዳግመኛ ተከፈተ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ጉዞው አቅጣጫውን ቀየረ፤ ሱዳናውያንና በሱዳን የኖሩ ኢትዮጵያውያን ከገላባት ወደ መተማ ተሻግረው በኩመርና በአውላላ ሰፈሩ። በዚያ ዓመት መጨረሻ በኩመር ኮሌራ ገባ። አብሬ በውኃ የሚነከር ስንቅ ነው፤ ለመንከሪያ የሚታመን ውኃ ያልነበረው በዚህ በኩል ነበር።