ከሐውልቱ እስከ ቅስቱ፦ የሮም ማራቶን ጎዳና እንደ ታሪክ ሰነድ



ሰነድ ሲባል በታሪክ ተማሪ ዐይን ፊት ቀድሞ የሚመጣው ብራናው፣ ደብዳቤውና መዝገቡ ነው። እኔ ግን ዛሬ በእግር ስለሚነበብ ሰነድ ላወራችሁ መጥቻለሁ። ርዝመቱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው፤ የሚገኘውም በሮም ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አበበ ቢቂላ ይህን ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ዕለቱ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ድሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጎዳናውን ግን ብዙ ጊዜ አንመለከተውም። የዛሬው ንግግሬ ስለ ጎዳናው ነው።

ሮም የቲቤር ወንዝ ሸለቆ ከተማ ናት። ኮረብቶቿ ከወንዙ ዳር ይነሣሉ፤ በኮረብቶቹም መካከል ወደ ቲቤር የሚወርዱ ትናንሽ ሸለቆዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ በፓላቲንና በአቬንቲን ኮረብቶች መካከል የተዘረጋው ነው። የጥንት ሮማውያን በዚህ ሸለቆ ውስጥ ሰርከስ ማክሲመስ የተባለውን የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ሠርተው ነበር። ከሸለቆው ጫፍ ፖርታ ካፔና የሚባል የከተማው በር ነበር፤ ከዚያም በር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ዓመት መሠራት የጀመረው የአፒያ ጎዳና ይነሣል። ጎዳናው የአውሬሊያኖስን ቅጥር አልፎ፣ የቲቤር ገባር የሆነችውን የአልሞኔን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ደቡብ ይሄዳል።

ከ1960 በፊት የኦሊምፒክ ማራቶን ወይ ከስታዲየም ይነሣ ነበር፤ ወይም በስታዲየም ያበቃ ነበር። የሮም አዘጋጆች ሁለቱንም ተዉ። መነሻውን ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ግርጌ፣ መድረሻውን ከቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር አደረጉ። በመካከሉ ሯጮቹ በካራካላ የመታጠቢያ ቤቶች አጠገብ አልፈው፣ በክሪስቶፎሮ ኮሎምቦ አውራ ጎዳና ወደ ኤውር ሰፈር ይወጣሉ፤ ከዚያም ወደ ከተማይቱ ዙሪያ ቀለበት መንገድ ደርሰው በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ይመለሳሉ። ሙቀቱን ለመሸሽ ውድድሩ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስለተጀመረ፣ ሯጮቹ ሲመለሱ ጨልሞ ነበር፤ የአፒያን ጎዳና ያበሩላቸው ችቦ የያዙ የጣሊያን ወታደሮች ነበሩ። የአዘጋጆቹ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ዓለም ሩጫውን ሲያይ የሮምን ጥንታዊ ክብር አብሮ እንዲያይ ነው።

ነገር ግን ጎዳና ያሰመረው ሰው ያሰበውን ብቻ አይናገርም። በዚህ ጎዳና ላይ ሌላ ታሪክም ተጽፎ ነበር፤ ታሪኩም የእኛ ነበር።

ከመነሻው እንጀምር። ከካምፒዶሊዮ ግርጌ ጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ርቆ የቬኔዚያ አደባባይ አለ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር መነሣቱን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1935 ለሕዝቡ ያወጀው በዚያ አደባባይ ከሚገኝ ሰገነት ላይ ቆሞ ነው። ቀጥሎ ኤውር አለ። ይህን ሰፈር የፋሺስቱ መንግሥት ያቀደው በ1942 ሊደረግ ለታሰበው፣ ጦርነቱ ላስቀረው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ነው። ሯጮቹ ካለፉበት አውራ ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ በቆመው ትልቅ ነጭ ሕንፃ አናት ላይ፣ በአራቱም ማዕዘን፣ የጣሊያንን ሕዝብ የሚያወድስ ጽሑፍ ተቀርጿል። ጽሑፉ የተወሰደው ከዚያው ከጥቅምት 2ቱ የወረራ ንግግር ነው። ሦስተኛው ምልክት በፖርታ ካፔና አደባባይ የቆመው የአክሱም ሐውልት ነው። ቁመቱ 24 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 160 ቶን ያህል የሆነው ይህ ሐውልት አክሱም ላይ ወድቆና ተሰባብሮ ሳለ በወራሪው ጦር ተጭኖ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ሮም ላይ ተተከለ። የጥንት የሮም ጦር ለዘመቻ ከሚወጣበት ጎዳና አፍ ላይ መተከሉ፣ አዲሱ ወረራ የጥንቱ ግዛት ቅጥያ ነው ለማለት ነበር።

እንግዲህ አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ከውድድሩ በፊት ጎዳናውን ሲያጠኑ ያዩት ይህን ሐውልት ነው። ከሐውልቱ እስከ ቅስቱ ያለው ርቀት ከአንድ ኪሎ ሜትር ያንሳል። አበበ ተፎካካሪውን ጥሎ የሚወጣበት ስፍራ ይኸው እንዲሆን ተስማሙ።

የውድድሩን ሂደት በአጭሩ ላስታውሳችሁ። አበበ እንዲጠነቀቀው የተነገረው የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደስላምን ነበር፤ ቁጥሩም 26 ነው ተብሎ ነበር። ራዲ ግን የለበሰው ቁጥር 185 ነበር። አበበ 26 ቁጥርን እየፈለገ፣ በአፒያ ጎዳና ጨለማ ውስጥ ከራዲ ጎን ለጎን ይሮጥ ነበር። ከሐውልቱ ዘንድ ሲደርሱ አበበ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ራዲም ሊከተለው አልቻለም። በመድረሻው ላይ በመካከላቸው የ25 ሰከንድ ያህል ልዩነት ነበር። የአበበ ሰዓት 2፡15፡16 ሲሆን የዓለም ምርጥ ሰዓት ሆነ። ሌላው የአገራችን ሯጭ አበበ ዋቅጅራም ሰባተኛ ወጣ።

እዚህ ላይ የታሪክ ሰው ቆም ማለት አለበት። ይህ ድል በአገራችን አፍ የበቀል ታሪክ ሆኖ ይነገራል፤ ሐውልቱን ሲያይ ደሙ ፈላ፣ ልቡ ተነሣ ይባላል። በአበበ ልብ ውስጥ የነበረውን እኔ አላየሁም፤ እናንተም አላያችሁም። በጎዳናው ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነገር ነው። የክብር ዘበኛው ወታደር ጎዳናውን አስቀድሞ ለካ፤ ምልክት መረጠ፤ ምልክቱ ጋ እስኪደርስ ጉልበቱን ቆጠበ። ይህ ሥራ የትዕግሥትና የስሌት ሥራ ነው። በእኔ ግምት ለአበበ የሚገባው ክብርም ከቁጣው ይልቅ በዚህ ስሌቱ ላይ ሊቆም ይገባዋል። ሌሎች የድላቸው ማስታወሻ አድርገው የተከሉትን ድንጋይ፣ እሱ የመንገዱ ምልክት አደረገው።

አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ በሉ። የቆስጠንጢኖስ ቅስት የቆመው በ315 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ነው፤ የአክሱም ሐውልትም የተጠረበው በዚያው በአራተኛው ምዕት ዓመት ነው። የሩጫው የመጨረሻ ክፍል የተሮጠው፣ እንግዲህ፣ በአንድ ዘመን በነበሩ የሁለት መንግሥታት ሥራዎች መካከል ነው። ቅስቱ የተሠራው ቆስጠንጢኖስ ተቀናቃኙን ማክሴንጢዮስን ድል ስለማድረጉ ነው፤ የተሸናፊው የማክሴንጢዮስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽም በአፒያ ጎዳና ዳር ዛሬም ይታያል። ሯጮቹ በተሸናፊው ደጅ አልፈው በአሸናፊው ቅስት ሥር ጨረሱ። ሐውልቱን ከአክሱም ያመጣው አገዛዝ ግን በዚያ ምሽት ከወደቀ 17 ዓመት ሆኖት ነበር።

ሆኖም ድሉ ሐውልቱን አላስመለሰም። ይህን መርሳት የለብንም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1947 በፈረመችው የሰላም ውል አንቀጽ 37፣ ከጥቅምት 1935 ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ ሁሉ በ18 ወራት ውስጥ ልትመልስ ተስማምታ ነበር። አበበ በሐውልቱ አጠገብ ሲያልፍ ቀነ ገደቡ ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሐውልቱ በ2002 በመብረቅ ተመታ፤ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2008 ቆመ። ከአበበ ሩጫ እስከ ሐውልቱ መመለስ 45 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት ጥያቄውን ሕያው አድርገው ያቆዩት ውሉን የጠቀሱ፣ ደብዳቤ የጻፉ፣ አቤቱታ የፈረሙ፣ ሰነድ የጠበቁ ሰዎች ናቸው። ሩጫው በሁለት ሰዓት ከሩብ አለቀ፤ የእነርሱ ሥራ ግን ብዙ አስርት ዓመታት ወሰደ፤ ያጨበጨበላቸውም ጥቂት ነው።

የአፒያ ጎዳና ዛሬ በጥበቃ ሥር ያለ ፓርክ ነው፤ በ2024 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የሮም ነዋሪዎች በጥንታዊው ንጣፍ ድንጋይ ላይ፣ በመቃብሮቹና በጥዶቹ መካከል ይሮጣሉ። በ2010 የአበበ ድል 50ኛ ዓመት በሮም ማራቶን ሲታሰብ፣ ያሸነፈው ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ሮጠ። በፖርታ ካፔና ግን ሐውልቱ የለም። የዛሬ ሯጭ አበበ ምልክት ያደረገውን ስፍራ የሚያውቀው ታሪኩን ካወቀ ብቻ ነው። የእኛን ልብ ደስ ሊያሰኝ የሚገባውም ይህ ባዶ ስፍራ ነው፤ ባዶነቱ የተከፈለ ዕዳ ምስክር ነውና።

ውድ ተማሪዎች፤ በአገራችን በየወንዙ ዳር፣ በየሸለቆው የሚሮጥ ወጣት ሞልቷል። የሚሮጥበትን መሬት ታሪክ የሚነግረው ግን ጥቂት ነው። ድልድዩን ማን ሠራው? ቅጥሩን ማን አፈረሰው? ከዚህ ተነሥቶ የሄደው ድንጋይ የት ደረሰ? የእናንተ ሙያ ይህን መመለስ ነው። አበበ ጎዳናውን ከመሮጡ በፊት አጥንቶት ነበር፤ እናንተም ስለ ድል ከመናገራችሁ በፊት ጎዳናውን አጥኑት።