ቱንቢ የማያውቀው ግንበኛ

ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ አንድ ዲፊሉስ ያውቃል። ዲፊሉስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ54 ዓመት ጣሊያን ውስጥ፣ አርፒኑም በምትባል ከተማ አካባቢ፣ የሰው ቤት ይሠራ የነበረ ግንበኛ ነው። ስለ እሱ የምናውቀው ሁሉ ከአሠሪዎቹ አፍ የወጣ ነው። እነሱ ደግሞ አልወደዱትም።

የቤቱ ባለቤት ኩዊንተስ ሲሴሮ ነበር፤ የታዋቂው ጠበቃና ፖለቲከኛ የማርከስ ሲሴሮ ታናሽ ወንድም። ቤቱ ሲሠራ ኩዊንተስ አገሩ የለም። የዩልየስ ቄሳር የጦር አዛዥ ሆኖ ጎል፣ ማለትም የዛሬዋ ፈረንሳይና አካባቢዋ ነው ያለው፤ በዚያው ዓመት ባሕር ተሻግሮ ብሪታንያም ደርሷል። ከዚያ የተላከ ደብዳቤ ሮም ለመድረስ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ቤቱ የኩዊንተስ፣ ዓይኑ ግን የወንድሙ ነበር። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ አዲስ አበባ ቤት ለሚያሠራ ሰው ይሄን ማብራራት አያስፈልግም። ልዩነቱ ዛሬ በቴሌግራም ፎቶ ይላካል፤ ፎቶ አንሺው ግን ብዙ ጊዜ ራሱ ኮንትራክተሩ ነው።

በሴፕቴምበር ማርከስ የሮምን ሙቀት ሸሽቶ ወጣና የወንድሙን ሥራዎች እየዞረ አየ። ያየውን የጻፈበት ረጅም ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። ዲፊሉስ በመንቀራፈፍ ራሱን እንኳ በልጧል ይላል። የቀረው ግን መታጠቢያው፣ መንሸራሸሪያውና የወፎቹ ቤት ብቻ ነው። ይቺ «ብቻ» የምትባል ቃል ስንቱን ተከራይ አድርጋ እንዳስቀረች ቤት ያስጀመረ ያውቃል።

ቀጥሎ ወደ ዓምዶቹ መጣ። ቀጥ ብለው አልቆሙም፤ ፊት ለፊትም አይተያዩም። ይፈርሳሉ። ከዚያ ማርከስ ይቀልዳል፦ ይሄ ሰው አንድ ቀን ቱንቢና ገመድ መጠቀም ይማር ይሆናል። በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራው ያልቃል ብሎ ተስፋ እንደሚያደርግም ይጨምራል።

ቱንቢ ክር ላይ የተንጠለጠለ ክብደት ነው። የውሃ መተላለፊያ ድልድዮቿ ዛሬም ድረስ በቆሙላት አገር ግንበኛ ቱንቢ አያውቅም ማለት ዘበት ነው። እንደኔ እንደኔ ዲፊሉስ በደንብ ያውቅ ነበር፤ ዓምዱ በቆመበት ሰዓት አጠገቡ ቆሞ «እስቲ አንጠልጥለው» የሚል ሰው ነው ያልነበረው። ያኔ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። በኋላ ግን ማፍረስ ሆነ። የሮማው ዓምድ ቢያንስ ጠማማነቱ በዓይን ይታያል። የእኛ ኮለን አርማታ ከተሞላ በኋላ ውስጡ ስንት ፌሮ እንደገባ ማን ያያል?

ለዲፊሉስም ግን እንፍረድ። ማርከስ በዚያው ጉብኝቱ የእንፋሎት ክፍሉን ከነበረበት ወደ ሌላ ጥግ አዛውሮታል፣ እንፋሎቱ የሚወጣበት መስመር ከመኝታ ክፍሎቹ ሥር ያልፋል ብሎ። ያልወደዳቸው ጣሪያዎችም እንዲለወጡ አዟል። ሥራው እየተሠራ ፕላን የሚቀይር አሠሪ፣ በዚያ ላይ ባለቤት ሳይሆን የባለቤት ወንድም! ዲፊሉስ ማታ ቤቱ ገብቶ ምን እንዳለ የነገረን የለም።

ሕግ ይሄን ጠብ ቀድሞ ያውቀዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዘመን የወጣው የባቢሎኑ የሐሙራቢ ሕግ የግንበኛን ዋጋ እንደኛው በስፋት ይተምናል፦ በግምት ለ36 ካሬ ሜትር ቤት 2 ሰቅል ብር። ቤቱ ተደርምሶ ባለቤቱን ከገደለ ግንበኛው ይገደላል፤ የባለቤቱን ልጅ ከገደለ የግንበኛው ልጅ። ግድግዳው ብቻ ከተንጋደደ ግንበኛው በገዛ ብሩ ያጠነክራል።

የእኛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንገት አይቆርጥም። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው ይህ ሕግ፣ አንቀጽ 3039 ላይ፣ ሥራ ተቋራጩ ቤቱን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ለሕንፃው ጥንካሬ ዋስ ይሆናል ይላል። ውል ላይ «ይሄ አይመለከተኝም» ብሎ ቢጽፍ እንኳ አያድነውም። ጠንካራ ሕግ ነው። ግን ይሄን ሕግ ይዞ የሚሟገት ሰው መጀመሪያ ውሉን ማሳየት አለበት። በቃል ተስማምቶ፣ ቅድሚያ ክፍያውን ያለ ደረሰኝ በእጅ ሰጥቶ፣ ሊሾው ሲሰነጠቅ የሚደውልለት ስልክ ጥሪ የማይቀበል ከሆነበት፣ 10 ዓመቱ የሚቆጠረው በማን ላይ ነው? ማርከስ በሮም አሉ ከተባሉት ጠበቆች አንዱ ነበር። ዲፊሉስን ፍርድ ቤት እገትረዋለሁ ሲል ግን አይሰማም፤ ቄሲየስ የሚባል ሰው ሥራውን በቅርብ እየተከታተለ መሆኑን ነው ለወንድሙ የጻፈለት።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ብርዱ ሲገባ፣ ነርቪ የሚባሉት ሕዝቦች ጎል ውስጥ የኩዊንተስን ሰፈር ከበቡት። ቄሳር በጦር ማስታወሻው እንደጻፈው፣ የኩዊንተስ ወታደሮች ለምሽግ ብለው ካከማቹት እንጨት በአንድ ሌሊት 120 የሚደርሱ ማማዎች አቆሙ።